እንፋሎቱ በየት ያመልጣል?

ሼፊልድ ከተማ ዳር፣ በአንድ ጡረተኛ ጓሮ ባለች የእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ ከክንድ የምታጥር ባቡር ጠረጴዛ ላይ ቆማ ትፏጫለች። መንኮራኩሮቿ ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ ከሥራቸው ያለው ሐዲድ ሳይሆን ለሙከራ የተደረደሩ ትንንሽ ኩሽኔታዎች ናቸው። በጭስ ማውጫዋ ከሚወጣው እንፋሎት ይልቅ በጎንና በጎኗ የሚሾልከው ይበዛል። ባለቤቱ በጣታቸው እያመለከቱ ይቆጥራሉ። “ከሴፍቲ ቫልቩ ክር አንድ፣ ከመቆጣጠሪያው ሁለት፣ ከግራ ሲሊንደር ሦስት።” የቀኙ ሲሊንደር ለዓይን ደህና ይመስላል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ ሲያደርጉለት ግን መስታወቱ ወዲያው ደበዘዘ። “አራት” አሉና መነጽሩን በሸሚዛቸው ጠርገው መልሰው አጠለቁት።

ማንኛውም ጀማሪ የሚጠይቀውን ጠየቅኳቸው፤ ግፊቱን ከፍ ቢያደርጉትስ?

“ግፊት የመጨረሻው ሥራ ነው” አሉኝ። “መጀመሪያ ያለህን ያዝ።”

እኚህ ሰው አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን የፈጁት የሆስፒታል ቦይለር ሲጠብቁ ነው። ያኔ የሚያስተዳድሩት እንፋሎት አንሶላ የሚያጥብ፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚቀቅል፣ ሕንፃ ሙሉ የሚያሞቅ ነበር። አሁን በእጃቸው ያለው ከአንድ ብርጭቆ ከማይበልጥ ውሃ የሚነሳ ነው። ሕጉ ግን ያው ነው ይላሉ፤ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ባቡር ማሞድ የተባለው የእንግሊዝ አሻንጉሊት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ያወጣት ኤስ ኤል 1 ናት። ማሞድን በ1930ዎቹ በርሚንግሃም አካባቢ የመሠረቱት ጄፍሪ ማሊንስ ናቸው። ድርጅቱ እስከዚያ ድረስ ይታወቅ የነበረው ቆመው በሚሠሩ ትንንሽ የእንፋሎት ሞተሮችና በእንፋሎት በሚሄድ የሕፃናት ሮሎ ነበር። ኤስ ኤል 1 የተሠራችው ተራ ቤተሰብ በጓሮው እውነተኛ እንፋሎት እንዲያይ ታስቦ ነው፤ ስለዚህም ርካሽ መሆን ነበረባት። ቦይለሯ እሳት ከታች የሚለበልበው የናስ በርሜል ነው። እሳቱ ከደረቅ የነዳጅ ኪኒን ይገኛል። መክፈቻውም፣ ወደፊትና ወደኋላ መቀየሪያውም አንድ እጀታ ነው። እንዲህ ያለች ባቡር አንድ ጊዜ ከተለቀቀች ውሃዋ እስኪያልቅ ወይም ከሐዲድ እስክትወጣ ድረስ ትበራለች፤ ከዚያ መካከል ያለውን ፍጥነት አታውቀውም።

ይህን የሚያህል ዕቃ ማሻሻል የአዋቂ ሥራ አይመስልም ይሆናል። እንግሊዝ አገር ግን የረዥም ዘመን ልማድ ነው። ፐርሲቫል ማርሻል “ሞዴል ኢንጂነር” የተባለውን መጽሔት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። በ1920ዎቹ ደግሞ ኤል ቢ ኤስ ሲ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ ሰው፣ በከሰል የሚነድ ትንሽ ቦይለር ሰው ይጎትታል ወይስ አይጎትትም በሚለው ክርክር አገሩን አነጋገረ። እሱ ይጎትታል ባይ ነበር። አየሻ ብሎ በሰየማት ሎኮሞቲቭ ሰው ጭኖ አሳየ፤ ክርክሩም በዚያ አበቃ። ከዚያ ወዲህ በየጎጆው ቶርኖና ሞርሳ ይዞ የሚታገል ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

ወደ ሲሊንደሩ እንመለስ፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነው። በትልቅ ሎኮሞቲቭ እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባና የሚያስወጣ ራሱን የቻለ ቫልቭ አለ። በዚህች ባቡር ግን ቫልቩ ሲሊንደሩ ራሱ ነው። ፒስተኑ ወደፊትና ወደኋላ ባለ ቁጥር ሲሊንደሩ በአንድ ዘንግ ላይ ይወዛወዛል። ጎኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ከፊት ለፊቱ ካለው ቋሚ ብረት ጋር ይገናኛል፤ አንዴ ከመግቢያው፣ አንዴ ከመውጫው ይገጥማል። ሁለቱን ፊቶች አጣብቆ የያዛቸው አንድ የሽቦ ሞላ ብቻ ነው።

አንድ ባር ማለት በየካሬ ሴንቲሜትሩ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። በሁለቱ ፊቶች መካከል እንፋሎቱ የሚያርፍበት ስፋት ግማሽ ካሬ ሴንቲሜትር ነው ብንል፣ በ1 ባር ሲሊንደሩን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ሞላው የተሠራው ለመጀመሪያው ከሆነ ሲሊንደሩ ከፊቱ ይላቀቃል፤ እንፋሎቱም በመካከል ይሾልካል። ጠንካራ ሴፍቲ ቫልቭ ገዝቶ የገጠመ ሰው ገንዘቡን ያወጣው በጎን ለሚያመልጥ እንፋሎት ነው ማለት ነው። ሞላውን አጥብቆ ቢያስረውስ? ያኔ ፊቶቹ እርስ በርስ ይፋጫሉ፤ ያተረፈውን ጉልበት ሰበቃው ይበላዋል።

ስለዚህ ሽማግሌው የጀመሩት ከፊቶቹ ነው። ሲሊንደሩን ፈቱት። ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አነጠፉበት፤ ሁለት ጠብታ ዘይት ጣል አደረጉ። የሲሊንደሩን ፊት በሰማያዊ ማርከር አቀለሙና መስታወቱ ላይ በስምንት ቁጥር መንገድ ይገፉት ጀመር። ጥቂት ከተሄደ በኋላ ገልብጠው አሳዩኝ፤ ከዳርና ዳር ሰማያዊው ለቋል፣ ቀዳዳው ዙሪያ ግን እንዳለ ነው። “እዚህ ጋ ጎድጉዷል። እንፋሎቱ ይህን ነው መንገድ ያደረገው።” እንደገና ቀለም፣ እንደገና ስምንት ቁጥር። ሰማያዊው ከሁሉም ቦታ እኩል ሲጠፋ ፊቱ እንደ መስታወቱ ለጥ ብሏል ማለት ነው። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ዕቃ ሻጮች ስለማያተርፉበት ነው መሰል ብዙም አይወራለትም።

ቀጥሎ ጎማዎቹ ናቸው። የመኪና ሠራተኛ ሁሉ ኦሪንግ ያውቃል፤ ነገር ግን ጥቁር ቀለበት ሁሉ አንድ አይደለም። ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በ1 ባር ግፊት ታፍኖ ሲፈላ 120፣ በ3 ባር ደግሞ 144 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ተራው ኦሪንግ ከናይትራይል የተሠራ ስለሆነ በዚህ ሙቀት ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ኢፒዲኤም የሚባለው እንፋሎት ይችላል፤ ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል። ሲሊኮን ሙቀት አይፈራም፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ፒስተን ላይ ሲፈተግ ቶሎ ያልቃል። ቫይተን እስከ 200 ዲግሪ ይዘልቃል፣ ዘይትም አይጎዳውም፤ ፒስተኑ ላይ የገባው እሱ ነው። አሮጌዎቹን ቀለበቶች በካቻቢቴ ጫፍ ሲያወጧቸው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰባበሩ።

ከዚያ የክር ጣጣ መጣ፤ አንባቢ ይታገሰኝ፣ ይህን ክፍል እወደዋለሁ። ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ክር ደረጃ እንዲወጣለት ሲያስቡ ማዕዘኑን 55 ዲግሪ አደረጉት። የሜትሪኩ 60 ነው። ቢ ኤ የሚባለውና በትንንሽ መሣሪያ ላይ የተለመደው የእንግሊዝ ክር ደግሞ 47 ተኩል። አሁን ልብ በሉ፤ የቢ ኤ ዜሮ ቁጥር ብሎን ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ የክሩ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። የሜትሪኩ ኤም 6 ብሎንም ውፍረቱ 6፣ ርቀቱ 1 ነው። በመለኪያ ሲለኩ አንድ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ዳዶ ብታስገባው ይዞልህ ይዞራል። ማዕዘናቸው ስለሚለያይ ግን የሚነካኩት በጥርሳቸው ጫፍ ብቻ ነው። ለመኪና ወንበር ምንም አይደል፤ እንፋሎት ለሚይዝ ቦታ አደጋ ነው። የናስ ቧንቧ ክር የሚሉት ውፍረቱ ምንም ይሁን ምን በኢንች 26 ጥርስ አለው፤ ሞዴል ሠሪዎች የሚወዱት ደግሞ በኢንች 40 ጥርስ ነው። ሴፍቲ ቫልቭ በፎቶ አይቶ የገዛ ሰው ቦይለሩ ላይ ያለውን ለስላሳ ናስ ክር በአንድ ዙር ሊያበላሸው ይችላል። ሽማግሌው ለዚህ ሲሉ የክር መለኪያ ቅጠሎቻቸውን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ሱቅ ሲገቡም ሳይለኩ አይገዙም።

በቫልቩና በቦይለሩ መካከል የምትገባው የመዳብ ቀለበትም የራሷ ወግ አላት። መዳብ አንዴ ከተጫነ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ ደግሞ ክፍተት አይሞላም። በፒንሳ ይዘው ጋዝ ነበልባል ላይ እስክትቀላ አሞቋት፣ ውሃ ውስጥ ጨመሯት። ብረት በዚህ መንገድ ይጠነክራል፣ መዳብ ግን ይለሰልሳል። ቴፍሎን ይጠቀሙ እንደሆን ጠየቅኳቸው፤ ሙቀቱንስ እስከ 260 ዲግሪ ይችላል። “ለቤት ቧንቧ ጥሩ ነው” አሉ። እዚህ ግን የቴፍሎን ክር ብጣሽ ተቆርጦ ቫልቩ መቀመጫ ላይ ቢያርፍ ቫልቩ አይዘጋም፤ ቀጭኑ ቧንቧ ውስጥ ቢገባ ደግሞ መንገዱን ይደፍናል።

ሴፍቲ ቫልቭ ከሎኮሞቲቭ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ደኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ላይ ያሳየው አጥንት የሚቀቅል የታፈነ ድስት ከእንዲህ ያለ ቫልቭ መወለድ ጋር ስሙ ይነሳል። ሰው ግን ቫልቭን አይወድም፤ ይጮኻል፣ እንፋሎት ያባክናል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1831 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና “የቻርልስተን ምርጥ ወዳጅ” የተባለች ሎኮሞቲቭ ፈነዳች። እሳት አንዳጁ የቫልቩ ጩኸት ሰልችቶት አፍኖት ነበር፤ ሕይወቱንም ከፈለበት። እንግሊዛዊው ጆን ራምስቦተም በ1855 ሠራተኛ እንደፈለገ ሊያጠብቀው የማይችለውን ቫልቭ ያወጡት እንዲህ ያለውን እጅ ለመከልከል ነው።

በትንሿ ባቡር ላይ ያለው ቫልቭ አንዲት ጥይት የመሰለች ኳስና አንድ ሞላ ነው። ሞላው ኳሷን ይጫናል፤ ግፊቱ ሲያሸንፈው ኳሷ ትነሳለች። ዋናው ጥያቄ በስንት ባር ይከፈታል ብቻ ሳይሆን፣ ሲከፈት በቂ ያስወጣል ወይ ነው። መፈተኛው እንዲህ ነው፤ እሳቱ ሙሉ ሆኖ፣ መክፈቻው ተዘግቶ፣ የግፊት መለኪያው ከተወሰነው ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዘል። መለኪያው ራሱ ፈረንሳዊው ዩዤን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የተጠማዘዘ ቱቦ ነው፤ ግፊት ሲገባበት ቀና ይላል፣ መርፌውንም ያዞራል። ከሥሩ አንድ ዙር የተጠቀለለ ቀጭን መዳብ ይደረግለታል፤ ጥቅልሉ ውስጥ ውሃ ስለሚጠራቀም ትኩስ እንፋሎት መለኪያውን አያገኘውም።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን የዘይቱ ዕቃ ነው። ሲሊንደር ዘይት ይፈልጋል፤ ግን እንፋሎት ተጭኖ ወዳለበት ቧንቧ ዘይት እንዴት ይገባል? ፓምፕ የለም። መልሱ ከእንፋሎቱ ቧንቧ ሥር የምትንጠለጠል፣ በአንዲት የመርፌ ቀዳዳ የምትገናኝ ትንሽ ጋን ናት። በዘይት ትሞላለች። ጥቂት እንፋሎት በቀዳዳዋ ይገባል፤ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ውሃ ይሆናል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ በሰመጠው ልክ ዘይት ሽቅብ ይገፋና በእንፋሎቱ ተወስዶ ሲሊንደር ይገባል። የሚንቀሳቀስ አካል አንድም የለውም። ባቡሯ ስትቆም ከሥር ያለው ብሎን ይፈታል፣ ውሃው ይወጣል፣ በሲሪንጅ አዲስ ዘይት ይሞላል። ዘይቱም የሞተር ዘይት አይደለም፤ እንደ ማር የወፈረና ሞራ የተቀላቀለበት ነው። ሞራው እርጥብ ብረት ላይ ዘይቱን አጣብቆ ይይዘዋል፤ ጥሩ የማዕድን ዘይት ብቻውን ቢሆን ውሃው አጥቦ ይወስደው ነበር።

ውሃ የመሙላት ነገርም አለ። በመጀመሪያው አሠራር ሴፍቲ ቫልቩ የተሰካበት ቀዳዳ ውሃ መሙያም ነው፤ ስለዚህ ባቡሯ ሳትበርድ ውሃ መጨመር አይቻልም። ዛሬ እዚያ ቦታ ጉድኦል ቫልቭ የሚሉት ይገባል፤ ጎኗ የተበሳ አንዲት ቧንቧ ናት፣ ቀዳዳዋን የሲሊኮን ቱቦ ሸፍኖታል። የአትክልት መርጫ ጠርሙስ ተገናኝቶ ሲነፋ ውሃው ቱቦውን ገፍቶ ይገባል፤ ከውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ ቱቦውን መልሶ ይዘጋዋል። እኔ ብሆን ከዕቃዎቹ ሁሉ አስቀድሜ የምገዛው ይህን ነበር። ምክንያቱም የትንሽ ቦይለር ትልቁ ጠላት ውሃ ሳይኖር የሚነድ እሳት ነው። የቆዩ የአሻንጉሊት ቦይለሮች ብዙዎቹ የተበየዱት በ183 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ በሚጀምር የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ነው፤ ውሃ እስካለ ድረስ ቀዝቀዝ ይላል፣ ውሃው ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ ግን መገጣጠሚያው ይፈታል። በብር ቅይጥ የተበየደው ከ600 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ይቅር ይላል።

እሳቱን በአጭሩ ልለፈው። ማሞድ በ1970ዎቹ ከስፒሪቶ ወደ ደረቅ ኪኒን የዞረው ለሕፃናት ደኅንነት ነበር፤ ስፒሪቶ ይፈሳል፣ ነበልባሉም በፀሐይ ብርሃን አይታይም። የኪኒኑ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ሙቀቱም እንደልብ አይስተካከልም። ሽማግሌው ጋዝ ገጠሙ፤ ጓሮ ውስጥ ብቻ ያቀጣጥሉታል።

ጓሮው ውስጥ የተዘረጋውን ሐዲድ ሳይ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ባቡሯ በ32 ሚሊ ሜትርም በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድም ትሠራለች። 32ቱ፣ አንድ ጫማ በ16 ሚሊ ሜትር ሲመነዘር፣ የዌልስን የድንጋይ ካባ ባቡሮች ሁለት ጫማ ሐዲድ ይተካል። 45ቱስ? በ1 ለ22.5 መጠን ሲሰላ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የእኛ አሮጌ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ናፍጣ እስኪተካው ድረስም በእንፋሎት ነው የሠራው። ማለትም የለገሃርን ባቡር በጓሮው ሊያስኬድ የፈለገ ሰው ሐዲዱ ተዘጋጅቶለታል። ሽማግሌው ድሬዳዋ ወርክሾፕ እንዳለ ሲሰሙ ስለ ሎኮሞቲቮቹ አይደለም የጠየቁኝ፤ ውሃውን ነው። “ኖራ የበዛበት ነው?” አሉ። የቦይለር ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው።

እሳት ከመነካቱ በፊት ፈተና አለ። የእንግሊዝ ማኅበራት ልማድ አዲስ ቦይለር ከሚሠራበት ግፊት እጥፍ፣ በኋላ በየጊዜው ሲታይ ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲፈተን ያዝዛል። ፈተናው በአየር አይደለም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። የታመቀ አየር ጉልበት ያጠራቅማል፤ ቢቀደድ ይፈነዳል። ውሃ አይታመቅም፤ ቢቀደድ ያነባል እንጂ አይወረወርም። በግፊትና በመጠን ብዜት ከ3 ባር ሊትር በታች የሆኑ ትንንሾች ቀለል ባለ ደንብ ይታያሉ፤ ይህቺ ከሩቡም አትደርስም። ሽማግሌው ግን እንደ አዲስ ቆጠሯት። ውስጧ የአየር አረፋ እንዳይቀር እያጋደሉ ሞሉ፣ በእጅ ፓምፕ 3 ባር አደረሱና መርፌውን ትኩር ብለው ያዩ ጀመር። መርፌው አልተነቃነቀም። ሴፍቲ ቫልቩንም በ1.5 ባር እንዲከፈት አስተካከሉት፤ ከፍ ማድረግ ይችሉ ነበር።

እንደገና ሲያቀጣጥሏት ልዩነቱ የታየው በፍጥነት አይደለም። ባቡሯ ዝግ ማለት ችላለች። በድሮው እጀታ ምትክ የገጠሙላትን አዲስ መክፈቻ ለጥቂት ሲያዞሩላት መንኮራኩሮቹ አንድ በአንድ የሚቆጠር ዙር ዞሩ፤ ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ትፍታም ተለያይቶ ተሰማ። ቀድሞ በጎን የሚባክነው እንፋሎት አሁን ፒስተን ይገፋል፤ ለዚህ ነው ከሙቀቱና ከውሃው ምንም ሳይጨመር ሁለት ተጎታች ጨምራ የጓሮውን ሐዲድ ዳገት የወጣችው። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ከ8 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል፤ ያ ሁሉ በየስንጥቁ ሲጠፋ ኖሯል።

የቀረው የፊሽካ ጉዳይ ነው። የልጅ ልጃቸው ፊሽካ የሌላት ባቡር ባቡር አይደለችም ብላለች። ሽማግሌው በሁለት ምክንያት ይከራከሯታል። አንደኛ፣ አንድ ጊዜ ሲነፋ ግፊቱ ይወርዳል፤ ዳገት ላይ ከሆነች ትቆማለች። ሁለተኛ፣ ድምፁን የሚወስነው የቱቦው ርዝመት ነው፤ አጭር ቱቦ የወፍ ጫጩት ድምፅ ነው የሚሰጠው። በእንፋሎት ውስጥ ድምፅ ከአየር ይልቅ ስለሚፈጥን የባቡር የሚመስል ወፍራም ድምፅ ለማግኘት ሃያ አራት ሴንቲሜትር ገደማ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ያን የሚያህል ቱቦ ባቡሯ ላይ መደበቂያ የለውም። ይህን ሁሉ በወረቀት አስልተው አሳይተዋታል። እሷም ወረቀቱን አይታ “ታዲያ ተጎታቹ ላይ አስተኛው” አለቻቸው። አሁን የተጎታቹን ወለል እየበሱ ነው፤ ቀለሙን እሷ መርጣለች።